ሀዋ ያስተካከለችው ሰዓት

ሪያድ ከተማ፣ መላዝ ሰፈር በሚገኘው የኡም ናስር ጥልፍ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ አንዲት ትንሽ መቀስ ነበረች። ከማሽን የወረደውን ዓባያ ገልብጬ የተንጠለጠለውን ክር መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ከዚያ በፊት አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ካፊሌ፣ በስማቸው ያስመጡኝ አሠሪዬ፣ ፈቅደው ወደ ኡም ናስር ስም ሲያዛውሩኝ ከመጥረጊያ ወደ መቀስ መሻገሬ ሹመት መስሎኝ ነበር። እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ድረስ ሁለት ዓባያ በሳሁ።

«እህቴ፣ ክሩን ነው እንጂ ጨርቁን ማን ቁረጪ አለሽ?» የሚል አማርኛ ከኋላዬ ሰማሁ። ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። መቀሱን ከእጄ ወስዳ አሳየችኝ፤ ክሩ በግራ እጅ ይወጠራል፣ መቀሱ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ይሄዳል። የበሳኋቸውን ሁለቱንም ወሰደችና ቀዳዳቸው ላይ በእጇ ትንንሽ ቅጠል ጠለፈችባቸው። ኡም ናስር ቅጠሉን አይተው «ማሻአላህ» አሉ፤ እኔም እንጀራዬ ተረፈ።

ሀዋ ማለት እሷ ናት። የሐይቅ ልጅ፣ ወሎዬ። እኔ የደጀን ሰው ነኝ፣ ስሜ ዘውድነሽ ነው። እሷ «ወላሂ» ስትል እኔ «በማርያም» እያልኩ አብረን ኖርን። ታላቄ ስለሆነች በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብያት ነበር። «አንቱ ካልሽኝ አኮርፋለሁ» አለችኝ፤ በዚያው አንቺ ሆና ቀረች።

በጥልፍ ቤቱ ደረጃ አለ። ከታች ክር ቆራጭ ናት። ከእሷ በላይ የማሽን ሠራተኛ፤ ጨርቁን ፍሬም ላይ የምትወጥር፣ ከሥሩ ማጠንከሪያ የምታነጥፍ፣ በየመርፌው ቀለሙን ሰክታ ማሽኑን የምታስነሳ። ከሁሉም በላይ ሙሰሚማዋ አለች፤ ንድፉን ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው። ሙሰሚማዋ የሠራችውን በፍላሽ ትሰጣለች፣ የማሽን ሠራተኛዋ ፍላሹን ማሽኑ ላይ ትሰካለች፣ ማሽኑ ይጠልፋል። የማሽን ሠራተኛ የተሰጣትን ትጠልፋለች እንጂ ለምን ብላ አትጠይቅም። ሀዋ ሙሰሚማ ነበረች። እኔም ውሎ አድሮ ከመቀሱ ወደ ማሽኑ ወጣሁ።

ሀዋ ኮምፒውተር የተማረችበትን መንገድ ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ኮምፒውተሩ በዓረብኛ ነበር። ሀዋ ዓረብኛ እንደ ውኃ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ከእሷ በፊት የነበረችው ሱዳናዊት ሙሰሚማ አገሯ ከመግባቷ በፊት ከኋላዋ ቆማ እያየች ሁሉን በቦታው ያዘችው። ከላይ ሦስተኛዋ፣ ከእሷ ሥር ያለችው፣ አረንጓዴ ምልክት ያላት፣ እያለች። ሥራን ማስቀመጫ የሆነችውን የዓረብኛ ቃል ጫጩት ትመስላለች ብላ «ጫጩቷ» የሚል ስም አውጥታላታለች። «ዘውዴ፣ ጫጩቷን ሳትጫኚ እንዳትነሺ፤ የዋልሽበት ሁሉ ገደል ይገባል» ትለኝ ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ሰዎች ሁሉ ጫጩት የሚሏት መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ፋይሎቿንም እንዲሁ ነበር የምታውቃቸው። ስም አትሰጣቸውም። አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል፣ አሮጌው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ያለውን ፍላሽ ላይ ትገለብጥና «ያላ፣ ይኸው» ብላ ትሰጠኛለች። በዚህ መንገድ ስንት ሙሽራ እንደዳረች እሷም አትቆጥረው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ አረጀ። የኡም ናስር ልጅ ኑራ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠናች ናት። ለአሮጌው ዊንዶውስ ዝመና መምጣቱ እንደቀረ፣ አዲሱን ደግሞ የኛ ኮምፒውተር ጉልበት እንደማይችለው ነገረችን። አጥፍታ ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ጫነችበት። የለመድነው የጥልፍ ፕሮግራም እዚያ ላይ አልነሳ ስላለ በእሱ ፋንታ ሌላ አስገባች። «ፈጣን ነው፣ ትወጂዋለሽ» አለቻት ሀዋን። እውነቷን ነው፣ እንደ ጥይት ነበር የሚከፈተው። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ሆነ።

መከራው እዚህ ላይ ጀመረ። በዓረብኛ ኮምፒውተር ሁሉ ነገር ከቀኝ ይነሳል፤ ፋይል መክፈቻው ከላይ በቀኝ ጥግ፣ መስኮት መዝጊያው በግራ ነው። በአዲሱ ደግሞ ተገላበጠ። ሀዋ ፋይል ልትከፍት እጇ በልማዱ ወደ ቀኝ ጥግ ይሮጣል፤ እዚያ የሚጠብቃት መዝጊያው ነው። መስኮቱ እልም ይላል። ደግማ ታስነሳዋለች፣ እጇ ደግሞ ይሮጣል፣ ደግሞ እልም። «ልክፈትህ ባልኩት ቁጥር የሚዘጋብኝ ምን በድዬው ነው?» ትላለች። ጫጩቷም የለችም።

መጀመሪያ እየሳቅን ነበር። እየዋለ ሲያድር ሳቁ ቀረ። ማሽኔ የሚጠልፈው ንድፍ አጥቶ ቆሞ ይውላል። ሀዋ ኮምፒውተሩ ፊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ማውሷን መንካት ፈራች። እዚያ ወንበር ላይ እንደ ንግሥት ስትሠራ ለማውቃት ለእኔ ያንን ማየት ከባድ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ኡም ናስር ጠሯት። እኔንም «አንቺም ነይ፣ ጓደኛዋ ነሽ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ሀዋ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ ሊያልቅ ነው። ማደስ የምችለው ወንበሩ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። የሱለይማኒያ ሰፈሯ ሙሽራ ልብስ መጥቷል። እሱን በአዲሱ ኮምፒውተር ከጨረስሽ ኢንሻአላህ ትቀጥያለሽ። ካልሆነ እህቴ የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ወደ እሷ አዛውርሻለሁ።»

ሀዋ «ኢንሻአላህ» ብቻ አለች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቷን ያዘች። በቤት ሥራ ዘመኗ ደረጃ ስታጥብ የጎዳችው ጉልበት ነው። «ዘውዴ፣ ተመልሼ ሰው ቤት ከገባሁ አልነሳም» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ኑራን ለመንኳት። መጣችና «ወደ ዓረብኛ ልመልሰው፣ ቢያንስ ቀኙ ቀኝ ይሆናል» ብላ የቋንቋዎቹን ዝርዝር ከፈተች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ዓረብኛ ከሚለው ከፍ ብሎ ልክ በላዩ ላይ «አማርኛ» የሚል በገዛ ፊደላችን ተጽፎ አየሁ። ጮህኩ። ኑራ ደንግጣ ማውሷን ለቀቀች።

«ምንድነው?»

«የኛ ነው! የኛ ቋንቋ ነው!»

ኑራ ተገርማ ተጫነችው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አማርኛ ይናገር ነበር። ሁሉም አይደለም፤ እዚህም እዚያም እንግሊዝኛው ቀርቷል፣ አማርኛውም አንዳንዱ የፍርድ ቤት ነው። ግን አማርኛ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ።

ሀዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ሐይቅ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ክፈት። ዝጋ። አስቀምጥ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ጫጩቷ አስቀምጥ ማለት ኖሯል?» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን በወንድ ነው የሚያዘኝ፣ ባለጌ» ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትነካካቸው የኖረቻቸው ነገሮች ስማቸውን ያን ቀን ነው የነገሯት።

ከዚያ ወዲያ እጇ ሲሳሳት ዓይኗ ይመልሰዋል። ወደ ቀኝ ጥግ ይሮጥና «ዝጋ» የሚለውን ስታነብ ትመለሳለች። «ቀስ በይ ሀዋ፣ እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው» ትላለች ለራሷ። አንድ ነገር ብቻ ኑራን ጠየቀች፤ እንደ ድሮው አዲሱ ፋይል ከላይ እንዲቀመጥላት። ኑራ አስተካከለችላት።

የሱለይማኒያዋ ሙሽራ ልብስ የሂና ምሽት ቀሚስ ነበር። እጅጌው ጫፍ ላይ ያስሚን አበባ ይጠለፍ ተባለ። ሀዋ ጠዋት ንድፉን ሠራች፣ እኔ በቁራጭ ጨርቅ ሞከርኩት፣ አማረ። ረፋዱ ላይ የሙሽራዋ እናት መጥታ ቁራጩን አየች። ከሀዋና ከኡም ናስር ጋር እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሲነጋገሩ ቆዩ። እኔ ማሽን ክፍል ስለነበርኩ የተባለውን አልሰማሁም። ለካ ሴትየዋ ሐሳቧን ቀይራ ኖሯል፤ የሞቱት እናቷ ልብስ ላይ እንደነበረው ያስሚኑ በጽጌረዳ ይተካልኝ ብላለች። ጽጌረዳዋን ስንቴ የጠለፍናት ስለሆነች ሌላ ሙከራ አላስፈለጋትም።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀዋ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች፣ ያስሚኑን አንስታ ጽጌረዳ አስገባች፣ እንደ አዲስ ፋይል አስቀመጠች። ከላይ ያለውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገለበጠችና «ያላ ዘውዴ፣ ይኸው፤ ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ» አለችኝ። ሐር መሰሉን ጨርቅ ወጠርኩ፣ ነጩን ክር ሰካሁ፣ አስነሳሁት። ሁለቱም እጅጌዎች ሲያልቁ በያስሚን የተሞሉ ነበሩ። ቆንጆ፣ ንጹሕ ያስሚን። ደስ ብሎኝ ነው የዘረጋሁት።

ኡም ናስር ገብተው እጅጌውን አነሱ። «ጽጌረዳው የት አለ?» አሉ።

«የምን ጽጌረዳ?» አልኩ እኔ።

ሀዋ ከክፍሏ ወጣች። እጅጌውን አገላብጣ አየች። «ሠርቻለሁ፣ ወላሂ በእጄ ሠርቻለሁ» አለች። ኡም ናስር አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። ጨርቁን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ስልካቸውን አውጥተው ኑራን «ነይ» አሏት። የእህታቸው ቤት በር ሲከፈት የታየኝ ያኔ ነው።

ኑራ መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሁለቱም ፋይሎች አሉ። ያስሚኑ ከላይ ነው፣ ጽጌረዳው ከሥሩ። «ጽጌረዳውን መቼ ነው የሠራሽው?» አለቻት።

«ከዙሁር በኋላ።»

«እዚህ ከያስሚኑ በፊት የተሠራ ነው የሚለው። እንዴት ሊሆን ይችላል?» ከዚያ ዓይኗ የኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ አረፈ። «ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ» አለች ሀዋ። «ተሳስቶ ነበር፣ አስተካከልኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀዋ ከዙሁር ስትመለስ፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ ማንበብ መቻሏ አስደስቷት ማሰናጃ የሚለውን የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከላይ እስከ ታች እንደ ደብዳቤ አነበበችው። ቀን እና ሰዓት የሚል ደረሰች። 13:00 ይላል። በአማርኛ ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ነው። «ምስኪን፣ ገና አማርኛውን እየተማረ ነው» ብላ 07:00 አድርጋ አረመችው።

ኑራ ግን ይህን በምን ታውቃለች? «ሀዋ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለቻት።

«አሥራ አንድ።»

ኑራ ስልኳን አየች። አምስት ይላል። የምታሾፍባት መስሏት ፊቷን አጠቆረች።

እኔ ገባሁበት። «በኛ አገር እንዲህ ነው የሚቆጠረው» አልኳት። «ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅም አሥራ ሁለት።»

«አሥር ዓመት ሪያድ ኖራለች፣ የኛን ሰዓት አታውቅም?»

«አውቃለሁ እንጂ» አለች ሀዋ። «ስልኬ በናንተ ነው። ይኼ ግን አማርኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛ እየተናገረ በዓረብ ሰዓት ሲቆጥር ጊዜ ስህተት መሰለኝ።»

ኑራ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ገባት። ጠዋት የተሠራው ያስሚን በሳዑዲ ሰዓት ተመዝግቧል፤ ጽጌረዳው ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በተመለሰ ሰዓት። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ አዲሱ ያስሚኑ ነው። ሀዋም እንደ ልማዷ ከላይ ያለውን አነሳች። ኑራ ይህን ለእናቷ በዓረብኛ እያስረዳች ሳለ ኡም ናስር በእጃቸው አስቆሟት። ሀዋን ነበር የሚያዩት።

«መግሪብ ሲባል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ስንት ነው የምትሉት?»

«አሥራ ሁለት።»

«ከመግሪብ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላስ?»

«አንድ።»

ኡም ናስር የሀዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀስ ብለው ነበር የተቀመጡት፤ ያመማቸው መስሎኝ ውኃ ላመጣ ተነሳሁ።

«የአባቴ ሰዓት ነው» አሉ። «ሹመይሲ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። መግሪብ አዛን ሲል ከኪሱ ሰዓቱን ያወጣና አሥራ ሁለት ላይ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚቆጥረው። በኋላ ሰዓቱ ተቀየረና ሁሉም አዲሱን ያዘ። አባቴ እምቢ አለ። ቀጠሮ ይሳሳታል፣ አውቶቡስ ያመልጠዋል፣ የትምህርት ቤታችን መውጫ ላይ ወይ ቀድሞ ይመጣል ወይ ዘግይቶ። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። አብዝቼ የምስቀው እኔ ነበርኩ።»

ኑራ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ከሞተ ወዲህ በዚያ ሰዓት የቆጠረልኝ ሰው የለም» አሉና በሽፋናቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ሀዋ ዞሩ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አሁን ስንት ነው አልሽ?»

«አሥራ አንድ ከሩብ ሆነ» አለች ሀዋ።

«ወደ መግሪብ ነው እንግዲህ» አሉ ኡም ናስር። ተነሱና እጅጌውን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። «ኸላስ፣ በቃ። ይሄን ለትራስ አድርጉት። ሌላ ጨርቅ ቁረጡ። ጽጌረዳው ነገ ይድረስ። ኑራ፣ አንቺ የሀዋን ኢቃማ አሳድሺ።»

ኑራ «እሺ» ብላ ስልኳን አነሳች። ሀዋ እንዳለች ቆማ ቀረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የኡም ናስርን ግንባር ሳመች፤ በዚያ አገር ለእናት እንደሚደረገው። ኡም ናስር ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና ወጡ። እኔ ጨርቅ ልቆርጥ ሄጄ መቀሱ አልታይ አለኝ፣ በእንባ።

ጽጌረዳውን በማግስቱ አደረስን። የሙሽራዋ እናት እጅጌውን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። የተበላሸ ነገር እንደነበረ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ኑራ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ሳዑዲ መለሰችና ራሱ እንዲያስተካክል አድርጋ ቆለፈችው። ከሥሩ ግን ሌላ ሰዓት አስቀመጠች፣ በኛ የሚቆጥር። ለሀዋ ነው አለች። ለአያቷም እንደሆነ አልጠፋንም። ሀዋም ለፋይሎቿ ስም መስጠት ጀመረች፣ በአማርኛ። የመጀመሪያው ስም «የሙሽራዋ አያት ጽጌረዳ» ነበር።

ሀዋ ከዚያ በኋላ ዓመታት በዚያ ወንበር ላይ ሠርታ፣ በራሷ ፈቃድ፣ በሰላም አገሯ ገባች። ወንበሩ ለእኔ ደረሰኝ። ኡም ናስር አርጅተዋል፤ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጡት። ሲመጡ ከሰላምታ በፊት በሩ ላይ ሆነው «ዘውዴ፣ በአባቴ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም እየደገሙት ይገባሉ።

ጥልፍ ቤቱ አዲስ የገባችሁ እህቶቼ፣ እናንተም ነገ ሌላ ሥርዓት ይጫንባችኋል፤ አይቀርም። ፋይላችሁን በስሙ ጥሩት እንጂ በቦታው አትመኑት። ሰዓቱን አትንኩ። ጎናችሁ ያለችው ሰው ስትሳሳት ደግሞ ምን እንደማታውቅ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን ታውቅ እንደነበረ ጠይቋት።